ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «በገጠር ስላለው ሕክምና አንድ ነገር ተናገሪልን» ሲለኝ እሺ ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ስለ ወባና ስለ ወሊድ ከእኔ የተሻለ መናገር የሚችሉ ሰዎች እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሞልተዋል። ስለዚህ ስለ ኮምፒውተር ልናገር ነው። የኮምፒውተር ሳይንስና የኤሌክትሪካል ምሩቃን አትሳቁ፤ ከተሳሳትኩ ከምሳ በኋላ ታርሙኛላችሁ።

በአገራችን «ሲስተም የለም» የሚባል ምርመራ አለ። ባንክ ሄዳችሁ፣ ወረዳ ሄዳችሁ፣ ቴሌ ሄዳችሁ ሰምታችሁታል። መብራት ቢጠፋም፣ ኔትወርክ ቢቋረጥም፣ ሰውየው ለቡና ቢወጣም መልሱ «ሲስተም የለም» ነው። እኛ ሐኪሞች አንድ በሽተኛ «አሞኛል» ቢለንና ካርዱ ላይ «ታሟል» ብለን ጽፈን ብንሸኘው ምን ትሉናላችሁ? ኮምፒውተር ሲታመም ግን እኔ ራሴ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ።

እኔ የጎብዬ ልጅ ነኝ። ጎብዬ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ብዙዎቻችሁ በመኪና አልፋችሁባታል፤ ሙቀቷንና አቧራዋን ግን የሚያውቀው የኖረባት ነው። የምሠራውም በዚያው አካባቢ ባለ አንድ የጤና ተቋም ነው፤ ስሙ ይቅር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመላለስብን የካርድ ክፍላችን ወረቀት አብዛኛው ጠፋ። ኋላ ላይ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር በእርዳታ አገኘን። እኔም ማታ ማታ እየተቀመጥኩ የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ክትትል ያላቸውን ሰዎች ኤክሴል ላይ መዘገብኩ፤ ስም፣ ቀበሌ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ የቀጠሮ ቀን። 312 ሰው። ከጠፋው ወረቀት በኋላ የእነዚህ ሰዎች የሕክምና ታሪክ ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

ሳጥኑ መታመም የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይጠፋል። አንዳንዴ ደርቆ ይቀራል፤ ማውሱን ብታንቀሳቅሱት አይሰማ፣ ቁልፍ ብትጫኑ አይሰማ። እኛ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሕመም ሁሉ ስሙ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒቱም ፎርማት ነው። እኔም እንደማንኛውም ሰው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አልኩ። የኤች አይ ቲ ባለሙያችን ልጅ እግር ነው፤ ሐኪም አይከራከርም። ፎርማት አደረገው፣ አራት ቀን ሠራ፣ በአምስተኛው ወደቀ። እንደገና ፎርማት። ሦስት ቀን። ለሦስተኛ ጊዜ ዊንዶውስ እየጫነ እያለ፣ ገና ግማሽ ሳይደርስ፣ ሰማያዊው ስክሪን መጣ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ «ዲቪዲው ነው የተበላሸው፣ ሌላ አምጣ» አልኩት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዊንዶውሱ ገና አልተጫነም። ኢንተርኔት የለም፣ ፍላሽ አልተሰካም። ያ ሁሉ ጊዜ ያሳደድኩት ቫይረስ ታዲያ ከየት ይመጣል? እንዲህ ዓይነቱን ምልክት ዘሎ የሚያልፍ የሕክምና ተማሪ ቢያጋጥመኝ ራውንድ ላይ አቁሜ ነበር የማስለቅሰው።

እኔ ግን ባስኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፎርማቶች የነኩት «ሲ» የሚባለውን ክፍል ብቻ ስለነበር ዝርዝሬ «ዲ» ላይ ተርፏል። በሦስተኛው ላይ «ቫይረሱ ዲ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚመለሰው፣ ሁሉንም አጥፋው» ያልኩት እኔው ነኝ። ልጁ «ዶክተር፣ ባክአፕ አለዎት?» ብሎ ጠይቆኛል። «ፍላሽ ላይ አለኝ» አልኩት። ማታ ፍላሹን ከፈትኩት። የገለበጥኩት ፋይሉን ሳይሆን ሾርትከቱን ነበር።

(እዚህ ላይ የሳቃችሁት እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያደረጋችሁ ናችሁ።)

በሳምንቱ አንድ አባት መጡ። ኢንሱሊን ይወስዳሉ፤ ትወጋቸው የነበረችው ልጃቸው ናት። ልጅቱ ዐረብ አገር ሄዳለች፤ ስንት ስንት እንደምትወጋቸው ግን አልጠየቋትም፣ ስልኳም አይገኝም። «ስንት ነበር የሚወስዱት አባቴ?» አልኳቸው። ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው አሳይተው «እዚያ ውስጥ ጽፈሽው አልነበር እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ጽፌው ነበር። ከዝቅተኛ መጠን ጀምሬ መጨመር ነበረብኝ፤ ስኳራቸው እየወጣ ዘጠኝ ቀን አስተኝተናቸው ነው የተስተካከለው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በጠዋት እየገባሁ «እንዴት አደሩ» ስላቸው ዓይናቸውን ማየት ያሳፍረኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ ምንም አልጠረጠሩም፤ «ማሽን ነው፣ ይበላሻል» እያሉ የሚያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ የግቢ ጓደኛዬ ጋ የደወልኩት። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው የተማረው። አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስሜን እንዳትጠሪ ብሎኛል። ሁሉንም ነገር ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «አንቺ ሐኪም አይደለሽም እንዴ? ሂስትሪ ሳትወስጂ ነው እኮ ሦስቴ ቀዶ ጥገና ያደረግሽው» አለኝ።

ትክክል ነው። ፎርማት ማለት የእኛን ያህል ሐኪም ሊገባው የሚገባ ነገር ነው፤ ናሙና ሳይወሰድ ጠንካራ አንቲባዮቲክ እንደ መስጠት ማለት ነው። ከዳነ ምን እንዳዳነው አታውቁም። ካልዳነ ደግሞ ምን እንደነበር የሚነግራችሁን ማስረጃ በገዛ እጃችሁ አጥፍታችሁታል።

ጓደኛዬ ያዘዘልኝ መድኃኒት ደብተር ነው። «ምንም አትንኩት። በወደቀ ቁጥር ሰዓቱን ጻፉ፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበር ጻፉ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጡ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት፣ መብራቱ ምን ይመስል እንደነበር ጻፉ።» የትኩሳት ቻርት ማለት ነው። ደብተሩን በሲባጎ አስረን ጠረጴዛው ላይ አንጠለጠልነው። በ11 ቀን ውስጥ 17 ጊዜ ወደቀ።

ደብተሩን ሳነብለት ወዲያው አንድ ነገር ታየው። መልእክቶቹ አይመሳሰሉም፤ አንዴ ስለ ሜሞሪ ያወራል፣ አንዴ ስለ ድራይቨር፣ አንዴ ፋይል ጠፋኝ ይላል። ሥራዎቹም አይመሳሰሉም፤ ኤክሴል ላይ እያለን ወድቋል፣ ኢንተርኔት ላይ ወድቋል፣ ሁለት ጊዜ ማንም ሳይነካው ወድቋል። የሚመሳሰለው ሰዓቱ ብቻ ነው። ከ17ቱ 14ቱ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ናቸው።

እንዲህ አስረዳኝ። ሶፍትዌር የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ አይሞቀውም፣ አይላላም፣ አቧራ አይገባበትም። ስህተት ካለበት አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ያው ቦታ ነው፤ ያንኑ ነገር በደገማችሁ ቁጥር እዚያው ይወድቃል። ሃርድዌር ግን ዕቃ ነው። ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያረጃል። ሲታመም ሕመሙ ይዞራል፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ስም ደግሞ የጮኸው ነው እንጂ የመታው አይደለም። ይሄኛው ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ሐሞት ከረጢቱ የታመመ ሰው ቀኝ ትከሻዬን ብሎ ይመጣል፤ ትከሻውን ብታሹት ምን ዋጋ አለው?

ሌላም ነገረኝ። ኮምፒውተሩ ምንም ሳይጽፍ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኃይል መስመሩ ነው፤ ዲቫይደሩ፣ ስታቢላይዘሩ፣ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ፤ ወይም በጣም ግሎ ራሱን ማጥፋቱ ነው። በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ ትርጉሙ «በወጉ ሳልዘጋ ጠፋሁ» ነው እንጂ ማን እንዳጠፋው አይናገርም። ሃርድ ዲስክ ሲሞት ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋይል ለመክፈት መዘግየት ያበዛል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። የእኛው ግን ሰማያዊ ስክሪን ነበር፣ ያውም በየጊዜው የተለያየ። ጥርጣሬው ወደ ሙቀትና ወደ ሜሞሪ ሄደ።

ከፈትነው። የራያ አቧራ ፋኑ ላይ እንደ ሱፍ ተጋግሯል። አጸዳነው፤ አራት ቀን ሳይወድቅ ዋለ። እኔ ደስ ብሎኝ ደወልኩ፤ «ድኗል!» አልኩት። «ፓራሲታሞል ሰጥተሽ ትኩሳት ስለወረደ ድኗል ትያለሽ?» አለኝ። በአምስተኛው ቀን ወደቀ። ማጽዳቱ ሙቀቱን ቀንሶ ሕመሙን ደበቀው እንጂ አላዳነውም።

ቀጥሎ ሜምቴስት የሚባል ፕሮግራም በፍላሽ ላከልኝ። ይህ ፕሮግራም የሚነሳው ያለ ዊንዶውስ፣ በቀጥታ ከፍላሹ ነው። ሜሞሪው ላይ እያንዳንዱ ቦታ የታወቀ ነገር ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ የጻፈውና ያነበበው አንድ ካልሆነ በቀይ ያሳያል። መሐል ላይ ዊንዶውስ የለም፣ ድራይቨር የለም፣ ቫይረስ የለም። ስለዚህ ስህተት ከተገኘ የሚጠየቀው ዕቃው ነው። ማታ ከሥራ በኋላ አስነስተነው አደረ፤ ጠዋት አንድም ስህተት የለም። እኔ ሜሞሪውን ነፃ ልለቀው ስል ጓደኛዬ «በሽተኛው የሚያንቀጠቅጠው በስንት ሰዓት ነው? ደሙን በስንት ሰዓት ወሰድሽ?» አለኝ። በማግስቱ ከቀኑ 6 ሰዓት አስነሳነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል፣ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ።

ሁለት ራም ነው ያለው። አንዷን አውጥተን በአንዷ ሞከርን፤ ንጹሕ። ቀያየርናቸው፤ ቀይ። ጥፋተኛዋን ወደ ሌላኛው ቀዳዳ አዛወርናት፤ አሁንም ቀይ። ስህተቱ ቀዳዳው ላይ አልቀረም፣ ዕቃዋን ተከትሎ ሄደ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ስለቀየርን ነው ይህን እርግጠኛ ሆነን የምንናገረው። መጠኗ ከማስቲካ ጥቅል ብዙም አይበልጥም። ሦስት ፎርማት፣ 312 ሰው፣ ዘጠኝ ቀን አልጋ፤ ምንጩ እሷ ናት። ደግሞም እኔ።

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጉግልና ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሆኑ ተመራማሪዎች የጉግልን ማዕከላት ሜሞሪ አጥንተው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከማሽኖቹ ሲሶ ያህሉ፣ ከራሞቹም ከመቶ 8 በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስህተት አሳይተዋል። የነሱ ማሽኖች ግን ስህተቱን ራሱ የሚያውቅና የሚያርም ሜሞሪ ነው ያላቸው። የእኛዎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ይህ የላቸውም፤ ሲሳሳቱ መሳሳታቸውን አያውቁም። በነገራችን ላይ ያ ጥናት ሙቀት ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ ነው ያገኘው፤ ያ ግን በማቀዝቀዣ በተያዘ አዳራሽ ውስጥ ነው። የእኛን የቆርቆሮ ጣሪያ አላዩትም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ሲወድቅ ራም መንቀል ሱስ ሆነብኝ። በዚያው ዓመት የፋርማሲው ኮምፒውተር ታመመ። አንድ ወዳጃችን በነፃ የሠራልን የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ደህና ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ጠዋት ሲከፈት መውደቅ ጀመረ። ራም ነቀልኩ፣ አቧራ ነፋሁ፣ ስታቢላይዘር ቀየርኩ። ሦስት ቀን ታገልኩ፣ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት። ከቀናት በኋላ ራሱ ዳነ! «ራሱ የሚድን ሃርድዌር ነው፣ አንድ የላላ ነገር አለ» ብዬ ደመደምኩ።

ደብተሩን ያየው የኤች አይ ቲው ልጅ ነው። «ዶክተር፣ የጀመረው ጳጉሜን 1 ነው። የዳነው እንቁጣጣሽ ዕለት ነው።» ፕሮግራሙ ላይ የወሮቹ ስም ዝርዝር 12 ብቻ ነበር። አሥራ ሦስተኛውን ወር ሲፈልግ ያጣዋል፣ ይወድቃል። የኔ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ፕሮግራም ጭነን ቀኑን ጳጉሜን 2 አደረግነው፤ እዚያም ወደቀ። ሁለት የማይገናኙ ማሽኖች በአንድ ቦታ ከወደቁ ጥፋቱ የዕቃ አይደለም። እንግዲህ በቀን የሚመጣና የሚሄድ ሁሉ ሙቀት አይደለም።

ሶፍትዌር ሃርድዌር መስሎ ሲያታልል ሰው የገደለበትን ታሪክ እኛ ሐኪሞች ልናውቀው ይገባል። ቴራክ 25 የሚባል፣ በካናዳ የተሠራ የካንሰር የጨረር ማሽን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ስድስት ሰዎች ከመጠን ያለፈ ጨረር አግኝቷቸው የሞቱም አሉ። ካናዳ ሃሚልተን ላይ አደጋ ሲደርስ አምራቹ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ጠረጠረ፤ ችግሩን መልሶ ማሳየት ባይችልም እሷን አስተካክሎ ማሽኑ እጅግ አስተማማኝ ሆኗል አለ። በ1986 ቴክሳስ ውስጥ ታይለር በምትባል ከተማ ደግሞ ማሽኑ «ማልፈንክሽን 54» እያለ ቆመ። የኤሌክትሪክ ችግር ነው ተብሎ ተፈተሸ፤ ምንም። ሁለተኛ ሰው ከተጎዳ በኋላ የሆስፒታሉ ፊዚሲስትና ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ተቀምጠው ያደረገችውን ሁሉ ደጋገሙት። ችግሩ የመጣው ባለሙያዋ ሥራውን በጣም ስለለመደችው ነው! የገባውን ትእዛዝ በ8 ሰከንድ ውስጥ ፈጥና ስታርም ማሽኑ እርማቱን አይይዝም። ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው በሕይወቱ አያየውም። ከዚህ በፊት የነበረው ሞዴል ላይም ያው ስህተት ነበረ፤ እዚያ ግን ፊውዝና የብረት መከላከያ ስለነበረው ማንንም አልጎዳም። ደህናው ሃርድዌር የታመመውን ሶፍትዌር ሲሸፍንለት ኖሯል ማለት ነው።

አንድ ደግሞ የራሳችን አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ በ6 ደቂቃ ውስጥ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302። 157 ሰው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ቀን የሚያዝን ሰው ሊኖር ስለሚችል በጥንቃቄ ነው የማነሳው። ያን ጊዜ ቡና ላይ ሁላችንም «ዕቃው ነው? ሶፍትዌሩ ነው? ፓይለቱ ነው?» እያልን ስንከራከር ነበር። የተመዘገበው እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ስንት ቀና እንዳደረገ የሚለኩ ሁለት መለኪያዎች አሉት። ከተነሳ በኋላ የግራው በቅጽበት 74.5 ዲግሪ አለ፤ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ያመነው አንዱን፣ የተበላሸውን፣ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ከልክ በላይ ቀና ብሏል ብሎ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ፤ ደግሞ ገፋ። ከወራት በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ የወደቀውም በዚሁ ሶፍትዌር ነበር።

መለኪያው ለምን ተበላሸ በሚለው ላይ መርማሪዎቹ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። በታኅሣሥ 2015 የወጣው የእኛ የምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርት የኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ፤ አሜሪካኖቹና ፈረንሳዮቹ ከውጭ የመታው ነገር፣ ምናልባትም ወፍ፣ ነው አሉ። ሶፍትዌሩ በአንድ መለኪያ ላይ መንጠልጠሉ ግን አላከራከረም፤ ኋላ ሲታረም ሁለቱን እንዲያነጻጽር ተደርጓል። እኔ ይህን ሳነብ የሚመጣብኝ የደም ግፊት መለኪያ ነው። እየሳቀ የሚያወራችሁ ሰው ክንድ ላይ መሣሪያው 50 በ20 ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ሌላኛው ክንድ ላይ ትለካላችሁ እንጂ አድሬናሊን አትሰጡትም። እንግዲህ «ሃርድዌር ነው ወይስ ሶፍትዌር» ብሎ መጠየቅ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ዕቃው ተበላሽቷል፤ የተበላሸ ዕቃ የሚለውን ሳይጠራጠር የሚያምን ሶፍትዌር ደግሞ ከላዩ አለ።

ወደ እኛ ቤት ልመለስ። ራሟን ቀየርን፤ ኮምፒውተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። የጠፋውን ዝርዝር ነርሶቻችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ፣ የመድኃኒት ብልቃጥና የድሮ ማዘዣ ወረቀት እየሰበሰቡ መልሰው ጻፉልኝ። ከ312ቱ 268ቱ ተገኙ። 44ቱ አልተገኙም። የተሰደዱ አሉ፣ የሞቱ አሉ፣ አንዳንዶቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። ስማቸውን እንኳ ሙሉ በሙሉ አላስታውሰውም። አሁን ዝርዝሩ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍላሹን እከፍትና ፋይል እንጂ ሾርትከት አለመሆኑን አያለሁ። እኚያ አባት ባለፈው ወር ለቀጠሮ መጥተው ነበር። የኢንሱሊን መጠናቸውን በእስክሪብቶ በትንሽ ወረቀት ጽፌላቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚዞሩት፤ «ያንቺ ሳጥን ቢጠፋ ይሄ አለ» ይሉኛል።

የተበላሸችው ራም እነሆ፣ ይዣት መጥቻለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ምሳ ላይ ይምጣ። እናንተ ኢንጂነሮች ደግሞ ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ደህና ዲዲአር ሦስት ራም ካላችሁ፣ ነገ ከመለያየታችን በፊት አምጡልኝ። ፋርማሲው በአንዲት ብቻ ነው እየሠራ ያለው።